«ምትኬ» ወይስ «መጠባበቂያ ቅጂ»? ፎቶግራፍን በውጫዊ ዲስክ ስለ ማኖር የሚያገለግሉ ቃላት ሲመረመሩ

አንድ ሙያዊ ቃል በሚመዘንበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ቃሉ የተሰየመበትን ጽንሰ ሐሳብ ይገልጻል ወይ? ከጎረቤት ጽንሰ ሐሳቦች ይለየዋል ወይ? በቋንቋው የርባታና የአገባብ ሥርዓት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል ወይ? እነዚህ ሚዛኖች ትክክለኞች ናቸው። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚነበበው በመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን በትእዛዝ መልክ ሲሆን፣ አራተኛ ሚዛን መጨመር ያስፈልጋል። ይኸውም፣ አንባቢው ቃሉን እንደ ተረዳው ቢፈጽም ምን ይደርስበታል? የሚለው ነው። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ የገባ የተዛባ ስያሜ ተማሪውን ያዘገየው ይሆናል፤ መምህሩ ግን ያርመዋል። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የተጻፈ የተዛባ ትእዛዝ ግን አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ አራሚ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን አራተኛውን ሚዛን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ጠባብ መስክ ነው፤ ይኸውም ብዛት ያለው የዲጂታል ፎቶግራፍ ስብስብ በውጫዊ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበት ሥራ ነው። መስኩን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥራው የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሥራ ሆኗል። ቀድሞ በአልበም ተለጥፎ በሣጥን ይቀመጥ የነበረው የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃና የሙት መታሰቢያ ፎቶግራፍ ዛሬ ያለው በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ለሥራው የሚያገለግሉት የአማርኛ ቃላት በአብዛኛው በትርጉም የመጡ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ አንባቢውን ወደ ጥፋት ሊመሩት የሚችሉ ናቸው።

1. ስለ ዕቃውና ስለ መስፈሪያው

የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም ይህ ዕቃ በገበያም በቤትም አልነበረም። ስለዚህ ስሙን ከነባር መዝገበ ቃላት ልንጠብቅ አንችልም። በገበያ ያለው ሰው «ኤክስተርናል» ወይም «ሀርድ ዲስክ» ይለዋል። የተተረጎሙት ገጾች «ውጫዊ ማከማቻ» ይላሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። «የውጭ ዲስክ» ቢባል «የውጭ አገር ዕቃ» ከሚለው አነጋገር ጋር ይጋጫልና «ውጫዊ» መባሉ ተገቢ ነው። «ሀርድ ዲስክ» የሚለው ውሰት ቃል ደግሞ በውስጡ የሚሽከረከር ሳሕን ላለው ዕቃ ብቻ ቢወሰን ይሻላል። በአዲሱ ዓይነት ማለትም በኤስ.ኤስ.ዲ. ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። የሚሽከረከረው ሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፤ የማይሽከረከረው መውደቅን ይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የወል ስሙ «ውጫዊ ማከማቻ»፣ የተናጠል ስሞቹ «ሀርድ ዲስክ» እና «ኤስ.ኤስ.ዲ.» ቢሆኑ ተርጓሚውም አንባቢውም ይጠቀማሉ።

መስፈሪያውን በሚመለከት፣ አንድ ፎቶግራፍ በአማካይ 5 ሜጋባይት ይይዛል ብለን ብንነሣ፣ 40,000 ፎቶግራፎች 200 ጊጋባይት ይሆናሉ። ይህን የሚያህል ስብስብ 1 ቴራባይት በሚይዝ ዲስክ ላይ በምቾት ይቀመጣል። ይሁንና ገዢው ዲስኩን ዊንዶውስ ከተጫነበት ኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኘው 931 ጊጋባይት ብቻ መሆኑን ያነባል፤ ተታለልሁ ብሎም ያስባል። የጎደለ ነገር ግን የለም። ሻጩ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት አድርጎ ሲቆጥር፣ ኮምፒዩተሩ 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥረዋል። ቁናና ጋሻ ከአውራጃ አውራጃ ይለያዩ እንደ ነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለተኛው መስፈሪያ «ጊቢባይት» የሚል የተለየ ስም ሰጥቶታል። ስሙ በሰፊው ባይለመድም፣ የተርጓሚው ኀላፊነት ቢያንስ በግርጌ ማስታወሻ አንዱ ቃል ሁለት መስፈሪያ መሸከሙን መግለጽ ነው።

2. «ቤተ መጻሕፍት»

የፎቶግራፍ ስብስብ በብዙ የተተረጎሙ ገጾች ላይ «ቤተ መጻሕፍት» ተብሎ ይገኛል። የቃሉ ምንጭ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ለመጻሕፍትም ለሌላ ስብስብም ያገለግላልና ተርጓሚው በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍች አንሥቶ አስፍሮታል። በአማርኛ ግን «ቤተ መጻሕፍት» በዘርፍና በባለቤት የተጣመረ ቃል እንደ መሆኑ መጻሕፍቱ በውስጡ በግልጽ ይታያሉ። «የፎቶግራፍ ቤተ መጻሕፍት» ማለት «የፎቶግራፍ የመጻሕፍት ቤት» ማለት ነው። ቋንቋው «ቤተ» ን ለአዲስ ስያሜ በሚገባ ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ ቤተ መዘክር፣ ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መዛግብት ለዚህ ምስክሮች ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሁለተኛው አካል በቤቱ ውስጥ ያለውን ወይም የሚሠራውን ይናገራል። እዚህ ላይ ግን ይህ ሕግ ፈርሷል።

የአገባቡ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በልማድ ይታለፍ ነበር። የበለጠው ጉዳት ቃሉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም መሸፈኑ ነው። በኮምፒዩተር የሚደራጅ የፎቶግራፍ ስብስብ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንዱ ፎቶግራፎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ስለ ፎቶግራፎቹ የተጻፈው መዝገብ ነው፤ የሰዎቹ ስም፣ አርእስቱ፣ የተደረገው እርማት፣ ሥዕሉ የሚገኝበት አድራሻ በዚህ መዝገብ ይሰፍራሉ። በአፕል ኮምፒዩተር ያለው የፎቶግራፍ ፕሮግራም እንደ ተለመደው አሠራሩ ሁለቱን አንድ ፋይል በሚመስል ጥቅል ውስጥ ያኖራቸዋል። በአዶቢ ላይትሩም ክላሲክ ግን መዝገቡ ለብቻው፣ ፎቶግራፎቹ ለብቻቸው ናቸው። ተጠቃሚው ፎቶግራፎቹን ከፕሮግራሙ ውጭ ወደ ዲስክ ቢያዛውራቸው መዝገቡ አድራሻቸውን ያጣል፤ መዝገቡን ብቻ ገልብጦ ፎቶግራፎቹን ቢተዋቸው ደግሞ ያኖረው ባዶ ዝርዝር ይሆናል። «ቤተ መጻሕፍቱን ወደ ዲስኩ ውሰድ» የሚለው ትእዛዝ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያመለክት አይታወቅም።

ስለዚህ «የፎቶግራፍ ስብስብ» ለሁለቱ በአንድነት፣ «መዝገብ» ለሁለተኛው ክፍል እንዲሆኑ ሐሳብ እናቀርባለን። «መዝገብ» ከመዝገብ ቤት ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው፤ መዝገብ ዕቃውን ራሱን እንዳልሆነ ማንም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያውቃል። ፋይሎች የሚሰበሰቡበትን ስፍራ «አቃፊ» የሚሉ አሉ። ቃሉ ሕይወት አለው። ነገር ግን «ማኅደር» የብራና መጽሐፍ ከሚከተትበት ቆዳ ተነሥቶ በመሥሪያ ቤት «የግል ማኅደር» እስከሚባለው ድረስ ለዚሁ አገልግሎት የኖረ ቃል ስለ ሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል እንላለን።

3. «ምትኬ»

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ቃል ነው። አንድ ፋይል ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ እንዲተርፍ በሌላ ስፍራ የሚቀመጠው ተጨማሪ ቅጂ በስልኮችና በኮምፒዩተሮች ላይ «ምትኬ» ተብሎ ተሰይሟል። ቃሉ አጭር ነው፣ ለጆሮ ያምራል፣ ከአገር ቃል የተገኘ ነው። እነዚህ ትንሽ ጥቅሞች አይደሉም። ቢሆንም በሦስት ነጥቦች ላይ ይወድቃል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው ነጥብ የፍች ነው። «ምትክ» «ተካ» ከሚለው ግስ የወጣ እንደ መሆኑ ፊተኛው ሲታጣ በስፍራው የሚገባውን ያመለክታል። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ሰው «ምትክ ቦታ» ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ቦታ ከእጁ ወጥቷል። መታወቂያው የጠፋበት ሰው «ምትክ» ያወጣል፤ የመጀመሪያው የለም። በሰው ስምም ቢሆን ምትኬና ምትኩ፣ ካሳና ካሳሁን በቤተሰብ ከደረሰ ሐዘን በኋላ የሚወጡ ስሞች መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። እንግዲህ በቃሉ ውስጥ የመጀመሪያው መጥፋት አስቀድሞ ተፈጽሟል። የቴክኒኩ ጽንሰ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሁለተኛው የሚዘጋጀው የመጀመሪያው በሕይወት ሳለ ነው፣ ጥቅሙም ሁለቱ አብረው በመኖራቸው ላይ የቆመ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሐሳብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሚለው ስም መጥራት ማለት ነው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የስልኩ ወይም የኮምፒዩተሩ ስፍራ የሞላበት ሰው ፎቶግራፎቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ ያደርሳቸዋል፤ ቀጥሎም ስፍራ ለማግኘት ከኮምፒዩተሩ ያጠፋቸዋል። ዲስኩ በኮምፒዩተሩ «ምትክ» ገብቷልና በቃሉ መሠረት ምንም አላጠፋም፤ «ምትኬ አለኝ» ቢል ቋንቋው አይወቅሰውም። ነገር ግን በእጁ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ዲስኩ በወደቀ ወይም በተሰረቀ ዕለት የሃያ ዓመት የቤተሰብ ፎቶግራፍ አብሮ ይሄዳል። ስፍራ ለማስለቀቅ ማዛወርና ለደኅንነት ተጨማሪ ቅጂ ማኖር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥሩ ስያሜ ሊለያቸው ሲገባ ይህ ስያሜ ያዋሕዳቸዋል።

ሁለተኛው ነጥብ የቅርጽ ነው። «ምትኬ» ሲተነተን «ምትክ» እና የአንደኛ መደብ ነጠላ የባለቤትነት ምእላድ ነው፤ እንደ «ቤቴ» እና «ልጄ» ማለት ነው። ስለዚህ «የእርስዎ ምትኬ» የሚለው የተለመደ ሐረግ በአንድ ስም ላይ ሁለት ባለቤቶች ያስቀምጣል። ለቃሉ የሚከራከሩ ሰዎች መጨረሻው የባለቤትነት ምእላድ ሳይሆን እንደ «ውሳኔ»፣ «ግንዛቤ»፣ «ውዳሴ» ያለ የስም መድረሻ ነው ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ እነዚያ ስሞች በቀጥታ ከግሱ ሥር የተገነቡ ናቸው፤ «ወሰነ» «ውሳኔ»፣ «ገነዘበ» «ግንዛቤ» እንዲል። «ምትክ» ግን ከግሱ በ«ም» ተመሥርቶ ያለቀ ስም ነው፤ ባለቀ ስም ላይ የሚጨመረውን ድምፅ የተናጋሪው ጆሮ ባለቤትነት አድርጎ ይሰማዋል። የተጸውዖ ስሙ «ምትኬ»ም ይህንኑ ያጸናል።

ሦስተኛው ነጥብ የርባታ ነው። ከ«ምትኬ» ግስ አይወጣም። «ተካ» ቢባል «ቀየረ» ይሆናል፤ «ፎቶግራፎቹን ተካ» የሚል ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ነባሩን አጥፍተህ አዲሱን አስገባ ማለት ነውና። በዚህ የተነሣ «ምትኬ አስቀምጥ»፣ «ምትኬ ያዝ»፣ «ምትኬ ፍጠር» እየተባለ በየገጹ የተለያየ ግስ ይለጠፍበታል።

በፋንታው «መጠባበቂያ ቅጂ» የሚለውን እናቀርባለን። «መጠባበቂያ» ከእህል ክምችትና ከበጀት የምናውቀው ቃል ነው። የመጠባበቂያ እህል የሚከማቸው ጎተራው ሙሉ ሳለ ነው፤ መጠባበቂያ በጀትም መደበኛው በጀት እያለ ይያዛል። ይህ የምንፈልገው ጊዜ ነው። ብቻውን ሲቆም ግን ጉድለት አለበት፤ መጠባበቂያ እህል ከዋናው የተለየ እህል ስለ ሆነ ቅጂነትን አይናገርም። «ቅጂ» ሲጨመርበት ጉድለቱ ይሞላል። ቃሉ ሁለት አካል ያለው መሆኑ በጠባብ የስልክ ገጽ ላይ እንደሚያስቸግር እናውቃለን። በዚያ ስፍራ «መጠባበቂያ» ብቻ ተብሎ ቢያጥር እንኳ ጊዜውን ይጠብቃልና ከ«ምትኬ» ያነሰ አደጋ አለው።

«ምትኬ» በብዙ ስልኮች ላይ ተሰራጭቷል፣ አሁን መለወጥ ያደናግራል የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብ እንጠብቃለን። ለተቃውሞው ያለን መልስ፣ የተሰራጨው ጽሑፉ እንጂ አጠቃቀሙ ገና አለመሆኑ ነው። በንግግር «ባክአፕ» የሚለው ውሰት ቃል በብዛት ይሰማል። ቃሉ ከገጽ ወደ አንደበት ሳይሻገር የማስተካከያው ጊዜ አላለፈም።

4. «ቅዳ»፣ «ገልብጥ»፣ «አዛውር»

ቅጂ የሚዘጋጅበትን ሥራ ለመሰየም አማርኛ ሁለት ነባር ግሶች አሉት። «ገለበጠ» በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የከበረ ስፍራ አግኝቷል። መዝገብ የገለበጠ ጸሐፊ ዋናውን እንዳለ ይተወዋል። ነገር ግን እህል ከጆንያ ወደ ጎተራ የገለበጠ ገበሬ ጆንያውን ባዶ ያደርገዋል። ዋናው ይቀራል ወይስ አይቀርም? በሚለው ጥያቄ ላይ ይህ ግስ ሁለት መልስ አለው። «ቀዳ» ደግሞ ውሃ ከምንጭ ከመቅዳት የተነሣ ነው፤ ከምንጭ የቀዳ ምንጩን አያደርቅም። ከዚህም ሌላ «ቅጂ» የሚለውን ስም የሰጠን ይኸው ግስ ነው። ስለዚህ «ቅዳ» ለሥራው፣ «ቅጂ» ለውጤቱ፣ «አዛውር» ዋናው ስፍራውን ሲለቅ ቢሆኑ ሦስቱም ሳይጋጩ ይኖራሉ። ሠራተኛ ተዛወረ ሲባል በሁለት መሥሪያ ቤት ይገኛል ብሎ የሚያስብ የለምና «አዛውር» በዚህ ረገድ እንከን የለውም።

ልዩነቱ በጽሑፍ መግለጫ ውስጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዊንዶውስም ሆነ በአፕል ኮምፒዩተር፣ በመዳፊት የተጎተተ ፋይል በዚያው ዲስክ ውስጥ ከሆነ ይዛወራል፤ ወደ ሌላ ዲስክ ከሆነ ግን ይቀዳል። «ጎትተህ አስገባ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መግለጫ አንዱን እጅ ሁለት ሥራ ያሠራዋል።

«ማመሳሰል» የሚለውን ቃል ግን ልናመሰግነው ይገባል። ሁለት ስፍራዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይዘት እንዲኖራቸው የማድረግን ሥራ በትክክል ይገልጻል። እንዲያውም በቃሉ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በአንደኛው ስፍራ ፎቶግራፍ ቢጠፋ ሁለተኛውም «ይመሳሰላል»፤ ማለት ከእርሱም ይጠፋል። ስለዚህ ማመሳሰል ብቻውን መጠባበቂያ እንዳልሆነ በአማርኛ ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም፤ ግሱን በሚገባ መተንተን ይበቃል።

5. «ቅረጽ» እና «ሰርዝ»

አዲስ ዲስክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለፋይል አያያዝ ሥርዓት ይዘጋጃል። ይህ ሥራ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ከተጠቃሚው እጅ ያወጣል። በአንዳንድ ትርጉሞች ሥራው «ቅርጸት» ከሚለው ስም ተነሥቶ «ቅረጽ» ተብሏል። በአማርኛ ግን ድምፅና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያዝበት ግስ ይኸው ነው፤ ሙዚቃ ይቀረጻል፣ ቃለ መጠይቅ ይቀረጻል። የድንጋይ ቀራጺም ምስሉን ያወጣል እንጂ አያጠፋም። እንግዲህ በሥዕል የተሞላ ዲስክ ይዞ «ዲስኩን ቅረጽ» የሚል ትእዛዝ የሚያነብ ሰው፣ ሥዕሉ በዲስኩ ላይ ይቀረጻል ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ትእዛዙ በተቃራኒው ሁሉን ያጠፋል። ከመረመርናቸው ቃላት መካከል በአራተኛው ሚዛን ከሁሉ የቀለለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ውሰት ቃልን ከአገር ቃል የምናስበልጥበት ምክንያት አለን። የኮምፒዩተር ጠጋኞች «ፎርማት ማድረግ» ይላሉ። ሐረጉን የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አይጫንም። «ቅረጽ» የሚለውን የሚያነብ ግን የሚያውቀው መስሎት ይጫናል። አንድ ባዕድ ቃል ከተሳሳተ የአገር ቃል የሚሻልበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። ስለዚህ ለሥራው «ፎርማት ማድረግ» ተጠብቆ፣ አጠገቡ «በዲስኩ ያለው ሁሉ ይጠፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ፣ «ቅርጸት» ለፋይሉ ዓይነት ብቻ እንዲወሰን እንመክራለን። ጄፔግ የፎቶግራፍ ቅርጸት ነው፤ ኤክስፋት ግን የዲስክ አያያዝ ሥርዓት ነው።

ይህ የመጨረሻው ልዩነትም ለተጠቃሚው ዋጋ አለው። ፋት 32 በተባለው ሥርዓት የተሰናዳ ዲስክ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ቪዲዮ እንቢ የሚለው ዲስኩ ስለ ሞላ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ይህን ገደብ አስወግዶታል፤ በዊንዶውስም በአፕልም ይነበባል፣ ይጻፍበታልም። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ግን የአፕል ኮምፒዩተር ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። በሌላ በኩል የአፕል ፎቶግራፍ ስብስብ በራሱ በአፕል ሥርዓት የተሰናዳ ዲስክ ይፈልጋል። እንግዲህ ዲስኩን ቀድሞ በተገቢው ሥርዓት አለማሰናዳት፣ ከሞላ በኋላ ፎርማት ወደ ማድረግ ያደርሳል፤ «ቅረጽ» የሚለው ወጥመድ የሚጠብቀውም በዚያ ነው።

«ሰርዝ»ም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ቀጠሮ ይሰረዛል፤ ከመዝገብ ስም ይሰረዛል። የመጀመሪያው ሐሳብን መተው ነው፤ ሁለተኛው ያለውን ማጥፋት ነው። «እነዚህን ፎቶግራፎች ላጥፋ?» በሚል ጥያቄ ሥር «ሰርዝ» የሚል መልስ ቢቀመጥ፣ የሚሰረዘው ጥያቄው ነው ወይስ ፎቶግራፉ? በእኛ አስተያየት ፋይልን ለማስወገድ «አጥፋ»፣ ትእዛዝን ለመተው «ይቅር» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

6. የፋይል ስም፣ ፊደልና ዘመን

የቃላቱ ጉዳይ በገጹ ላይ አያበቃም፤ ተጠቃሚው ለማኅደሮቹ በሚያወጣው ስም ይቀጥላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ከገባ ወዲህ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ተችሏል። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ «ሰ» ን ከ«ሠ»፣ «አ» ን ከ«ዐ»፣ «ጸ» ን ከ«ፀ» ለይቶ ስለ ያዘ፣ «ሠርግ» ተብሎ የተሰየመ ማኅደር «ሰርግ» ብሎ ለፈለገ ሰው አይገኝም። ከላይ የጠቀስነው የደስታ መዝገበ ቃላት እንኳ አርእስቱ በ«ዐ» ስለሚጀምር በ«አ» የሚፈልገው ያጣዋል። በሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ለዘመናት የተካሄደው የሞክሼ ሆሄያት ክርክር እነሆ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ገባ። ክርክሩ እስኪፈጸም ድረስ ግን አንድ ቤተሰብ አንድ አጻጻፍ መርጦ ቢጸናበት ይበቃል።

ከፊደል ይልቅ ዘመን ይበረታል። ካሜራ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውስጥ የሚጽፈው ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ቤተሰቡ ግን ማኅደሩን «ጥምቀት 2010» ይለዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ልጅ፣ ምናልባትም በውጭ አገር ያደገ ልጅ፣ 2010 የየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ አያውቅም፤ ልዩነቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። በጽሑፍ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ብለን የምንለየውን በማኅደር ስምም መለየት ይገባል። ፋይሎች በቅደም ተከተል እንዲሰለፉ ዓመቱ ቀድሞ፣ ወሩ ቀጥሎ፣ ቀኑ በመጨረሻ በቁጥር ቢጻፍ ይበጃል።

7. ሦስት ቅጂዎች

ስለ ፎቶግራፍ አጠባበቅ በሰፊው የሚጠቀሰውን ደንብ ያስፋፋው ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ነው። ደንቡ በአማርኛ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እዚህ ላይ «ቅጂ» ዋናውን ጨምሮ የሚቆጠር መሆኑን ተርጓሚው ሊገልጽ ይገባል፤ በአማርኛ «ሦስት ቅጂ» ሲባል ከዋናው ሌላ ሦስት የሚመስለው አይጠፋምና።

የደንቡ ሦስተኛ ክፍል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር፣ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በምትገኘው በኮሌጅቪል እንዲኖር ተደርጓል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ሆነው ለረጅም ዓመታት የዘረዘሩትም እነዚህን ቅጂዎች ነው። ብራናው በየገዳሙና በየደብሩ ቀርቷል፤ ፊልሙ በሁለት አህጉር ተቀምጧል። ይህ ሥራ «ምትክ» አልነበረም፤ ማንም ብራናውን አጥፍቶ ፊልሙን በስፍራው አላኖረምና። መጠባበቂያ ቅጂ ነበረ። ዛሬ ዘመዶቹ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን የሚኖሩ ቤተሰብ ሁለተኛውን ዲስክ ባሕር ማዶ ላለው ዘመድ ቢሰጥ፣ የሚፈጽመው ይህንኑ ነው።

ቅጂው ከተዘጋጀ በኋላ ከዋናው ጋር ማስተያየትም የደንቡ አካል ነው። የብራና ጸሐፊ የጻፈውን ከናሙናው ጋር ሳያስተያይ አያስረክብም ነበር። በኮምፒዩተር ይህ የሚፈጸመው ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ አጭር ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ፋይሎች ቁጥር ከተስማማ ይዘታቸው አንድ ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህ ሥራ «ማስተያየት» የሚለው የሊቃውንት ቃል ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

በመጨረሻም ለተርጓሚዎች አንድ የአሠራር ሐሳብ እናቀርባለን። ስያሜ በጉባኤ ከመጽደቁ ወይም በገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንግሊዝኛውን ለማያውቅ አንባቢ ይሰጥ፤ «ይህን ብትጫን ምን ይሆናል?» ተብሎም ይጠየቅ። መልሱ ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር ካልተስማማ ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይመለስ። በዚህ ሚዛን «ማመሳሰል»፣ «አዛውር»፣ «ቅዳ» ያልፋሉ፤ «ቤተ መጻሕፍት» እና «ሰርዝ» መታረም ይፈልጋሉ፤ «ምትኬ» እና «ቅረጽ» ደግሞ ከሥራ መነሣት አለባቸው። የዚህን ዓይነት ፈተና ለማካሄድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአንድ ቃል ስሕተት በአንድ ዲስክ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በምንም ገንዘብ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።